ሲወርድስ ይቆማል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከምንጠግን ሰዎች አንዱ ነኝ። ብዙው ሥራዬ ባለ ሁለት እግርና ባጃጅ ነው። ያ ወፋፍራም ጎማ ያለው ባለ አራት እግር ሞተር የሚገባልኝ አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣም በራሱ አይመጣም፤ አይሱዙ ላይ በገመድ ታስሮ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አንዱ እንዲሁ ታስሮ መጣ። የጨረታ ዕቃ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከወንበርና ከመደርደሪያ ጋር አብሮ ተሸጠ። የገዙት ሰውዬ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው በኩል ድንችና ገብስ ያመርታሉ። የፈለጉት ድንቹን ከማሳ አውጥተው መኪና መንገድ ላይ ለማድረስ ነው። በክረምት ያን መንገድ አህያም ያማርረዋል። እና ሐሳቡ ደህና ሐሳብ ነው።

ዕቃውም ደህና ዕቃ ነው። ሆንዳ 300 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1988 እስከ 2000 የተሠራው። 282 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ራዲያተር የለው፣ የሚያፈስ ውኃ የለው። ካቴናም የለውም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ እግር የሚሄደው በትራስሚሲዮን፣ ማለትም በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። ነዳጁን የሚመግበው ተራ ካርቡሬተር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሰው ካላበላሸው በቀላሉ አይበላሽም። ይሄንን ግን ሰው ነክቶታል።

ሰውዬው ከጋቢናው ሲወርዱ በእጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል። ውስጡ አዲስ ፒስተን አለ፤ ዙሪያውን ከሚይዘው ሪንግና መሃሉን ከሚያስረው ፔርኖ ጋር። ዘመድ ልከው አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች ያስገዙት ነው።

«ይቺን ትገጥምልኝና ቀለም ትቀባልኛለህ። ቀይ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፒስተን ይቀየር ያለዎት ማነው?»

«ያየው ሁሉ! ሲነሳ ጥቁር ጭስ ነው የሚተፋው። ሞተሩ አልቋል አሉኝ።»

«ጥቁር ነው? ሰማያዊ አይደለም?»

«እህሳ! ጥቁርና ሰማያዊ አትለይም ልትለኝ ነው?»

አልዋሹም። ባትሪ ሰጥተን ስናስነሳው ጥቁሩን ለቀቀው። ረዳቴ እያሳለ ወደ ውጭ ወጣ።

የጭስ ቀለም ነገር ብዙ ሰው ያለአግባብ ያስወጣል። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ያኔ ሪንግ ቢጠረጠር፣ የቫልቮላ፣ ማለትም የሞተሩ መተንፈሻ በር ጎሚኒ ቢጠረጠር ያስኬዳል። ጥቁር ጭስ ሌላ ነው። ቤንዚኑ በዝቷል፣ ወይ አየሩ አንሷል። እዚህ ውስጥ ፒስተን ምንም ጥፋት የለበትም። ግን «ጭስ» ሲባል ሁሉም ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት «ሞተሩ ይውረድ» ነው። ሞተር ማውረድ ያስከብራል መሰለኝ።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁ። ደረቅ ጥላሸት ለብሷል። ዘይት የሚበላ ሞተር ቢሆን ካንዴላው ይወዛ ነበር። እሱን ለሰውዬው አሳየኋቸውና በካንዴላው ቀዳዳ የመጭመቂያ ጌጅ ገጠምኩ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሞተሩን አዞርኩት። ቁጥሩ አነስ አለ።

«ይኸው!» አሉ ሰውዬው። ፌስታሉን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨመርኩና ደግሜ ለካሁ። ሪንግ ያለቀ ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍንና ቁጥሩ ብድግ ይላል። ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሚያፈስበት በኩል ሪንጉ አይደለም፤ ቫልቮላው ነው። ክዳኑን ከፍቼ በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁ። ሞተሩ በዕድሜው ብዛት ክፍተቱ ጠቧል፤ ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር እዚያው አስተካከልኩት። ለዚህ ሥራ የሚገዛ ዕቃ የለም። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል። ከዚያ ስለካ ጌጁ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ስንከፍት ግማሹ ጭድ ነው። አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ከጭዱ ሥር ደግሞ አንድ ጎበዝ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ ወትፎበታል። የፍራሽ ስፖንጅ ትራስ ላይ ጥሩ ነው። ሞተር ግን ይታፈንበታል። ለፊልትሮ የተሠራውን ባለ ቀዳዳ ስፖንጅ ቆርጠን አስገባን። በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ነክቶት፣ በደንብ ተጨምቆ ነው የሚገባው። ደረቁን ከገባ አቧራ ያሳልፋል።

ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ይሄን ጠብቄዋለሁ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሰውዬው ማሳ ደግሞ ከዚህም በላይ ነው፤ ጮቄ ጫፉ አራት ሺህ ሜትር ያልፋል። ካርቡሬተሩ ግን ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለው ለቆላ አየር ነው። እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይሰፍራል፤ የሚያቃጥልበት አየር ግን የለውም። ትርፉ በማርሚታ፣ በጭስ ማውጫው፣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ፣ ጄቷን፣ አነስ ባለች መቀየር ነው። ቁጥሯ ጎኗ ላይ ተቀርጿል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል። እኔ የሞቱ ካርቡሬተሮች የማጠራቅምበት ቆርቆሮ አለኝ፤ ከዚያ ውስጥ የምትሆነውን ፈልጌ አገኘሁ።

መቼም ጄት ቀዳዳ በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ነሐስ ለስላሳ ነው። በሽቦ ሲፋቅ ይሰፋል፤ ቁጥሩ ጎኗ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ቀዳዳው ግን ሌላ ሆኗል። በቤንዚን መዘፍዘፍና በአየር መንፋት ነው ያለው።

ለሰውዬው አንድ ነገር አስጠነቀቅኳቸው። በዚህች ጄት ደጀንን አልፈው አባይ በረሃ ቢወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል።

«አባይ በረሃ ድንች ልሸጥ ነው?» አሉኝ። እሱም እውነት ነው።

አስነሳነው። ሳቅ በሚመስል ድምፅ ተነሳና ጸጥ ብሎ መሥራት ጀመረ። ጭስ የለም። ሰውዬው ዞረው ዞረው ማርሚታውን አዩት። ከዚያ ፌስታሉን አዩት። ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ቀለሙን ቀባልኝና ዛሬውኑ ልሂድበት» አሉ።

እዚህ ላይ ነው የተጣላነው።

ከአይሱዙው ሲራገፍ ጀምሮ አንድ ነገር አልጥምህ ብሎኛል። የፊት ፍሬን ሲያዝ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ዝም ብሎ ይመጣል። ቀለም ከመቀባት በፊት እግሮቹን ልክፈት አልኳቸው። «ሞተሩ ሠራ አይደል? ሌላ ወጪ አታምጣብኝ» አሉ። ረዳቴም በጆሮዬ «ይውሰዱት በቃ፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት» አለኝ። ልጁ ሐሳቡ ምሳው ላይ ነው። አይሆንም አልኩ። ሰውዬው ተቆጥተው ስልካቸውን እየነካኩ ወጡ።

ሲመለሱ ብቻቸውን አይደሉም። ባለቤታቸው ለገበያ ከተማ ገብተው ኖሯል። ገንዘቡ ያለው በእሳቸው መቀነት ነው፤ ይሄን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ሞተሩን አስነስቼ አሰማኋቸው። እሳቸው ድምፁን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ አዩትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ሲወርድስ ይቆማል?»

ሰውዬው ወደ እኔ አዩ። እኔም ዝም ብዬ ቁልፍ አነሳሁ።

ይሄ ሞተር የፊት ፍሬኑ ታምቡር ነው፤ ከእግሩ ጋር በሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ውስጥ የሚይዝ፣ በፍሬን ዘይት የሚሠራ። የታምቡሩ ዙሪያ ጭቃና ውኃ እንዳይገባ የሚከለክል ጎሚኒ አለው። ጎሚኒው ካለቀ ታምቡሩ ጭቃ ሰብሳቢ ይሆናል። የግራውን ስከፍት የደረቀ ዋልካ አፈር መሬት ላይ ተዘረገፈ። ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ከብረቱ ተላቆ እንደ ደረቀ ቂጣ በእጄ ላይ ተሰበረ። እትዬ አንዱን ቁራጭ አንስተው በጣታቸው አፍረከረኩትና ለባላቸው ዘረጉላቸው። አንድም ቃል አልተናገሩም።

የባሰው ገና ነበር። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ከፍቼ ሳሸተው የሞተር ዘይት ነው። አንዱ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ሞልቶበታል። የሞተር ዘይት የፍሬንን ጎሚኒ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ወይ ይነክስና አይለቅም፣ ወይ ያፈስና አይዝም። እንዲህ ከሆነ በኋላ ዘይቱን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። ላይኛውም ታችኛውም፣ ዘይቱ የነካው ጎሚኒ ሁሉ መውጣት አለበት። መስመሩም መታጠብ አለበት።

ያለንን ገንዘብ ቁጭ ብለን አሰብን። ለቀለም የተያዘ አለ። ሌላ የለም፤ ሌላው ፒስተን ሆኖ ፌስታል ውስጥ ነው። ቀለሙ ይቅር አልኩ። ሰውዬው ቅር አላቸው፤ ቀይ ሆኖ ሰፈር ሲገባ በዓይነ ሕሊናቸው አይተውታል። እትዬ ግን «ቀለሙን ጭቃው ይቀባዋል» ብለው ከመቀነታቸው ፈቱ።

በዚያች ገንዘብ ብዙ ሠራን። ሸራውን አዲስ አልገዛንም። ብረቱ ደህና ስለነበር ሸራ ለሚለጥፍ ሰው ሰጥተን አስለጠፍነው። ታምቡሩን ቶርኖ ቤት ወስደን ውስጡን አስላጭተን አስተካከልነው። ጎሚኒዎቹን በልክ ገዛን፤ እዚህ ላይ ርካሽ አልፈለግንም። የኋላው ፍሬን በሽቦ የሚሠራ ነው፤ ጽዳትና ግራሶ በቃው። ከመሪው ቴስቲናዎች፣ መሪውን ከእግሩ ከሚያገናኙት መጋጠሚያዎች፣ አንዱ ላልቷል፣ ተቀየረ። የፊት እግሮቹ ማቀፊያ ቦኮላዎች፣ መጋጠሚያው ውስጥ የሚገቡት ቀለበቶች፣ አልቀው ነበር፤ ኦሪጅናሉ ስላልተገኘ ቶርኖ ቤት ከነሐስ አስወጣናቸው። ግራሶ ካልተረሳ ያቆያሉ።

አንድ ያስቀኝ ነገር ጎማው ነው። በመጨረሻው ቀን ረዳቴ አንዱ ጎማ የተነፈሰ መስሎት ጎሚስታ ጋ ገፍቶት ሄደ። ጎሚስታው እንደ መኪና 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላለት። ልሞክረው ስወጣ ድንጋይ ሁሉ እያነጠረ ሊጥለኝ ደረሰ። ሰውዬው ከሩቅ እያዩ «ሾኩም አልቋል ማለት ነው?» ብለው ግንባራቸውን ያዙ። ሾኩ ምንም አልሆነ። የዚህ ዓይነት ጎማ የሚፈልገው ከ3 እስከ 7 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ይሄኛው ሞዴል እንዲያውም ወደ ታችኛው ይጠጋል። ተንፍሶ ለስለስ ሲል ነው ጭቃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ድንጋዩንም የሚውጠው። አስተንፍሼው ድጋሚ ወጣሁ፣ ተረጋጋ። ጎሚስታው እስካሁን አላመነኝም። «እንዲህ የተነፈሰ ጎማ ሞልቶ መላክ ስሜን ያጠፋል» ይላል።

ሞተሩ የሄደው እንደመጣው ነው፤ የተቧጨረ፣ አንድ ጭቃ መከላከያው የተሰፋ። ከመሄዱ በፊት ከጋራዡ በታች ባለው ቁልቁለት አወረድኩት። እትዬ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። መሃል ላይ ያዝኩት፣ ቀጥ አለ። ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ለጥቂት ሜትር ያዝ እያደረጉ እንዲያደርቁት ነገርኳቸው። ሰውዬውም ሸራው እርጥብ ሲሆን እንደሚያንሸራትት ገባቸው።

ፒስተኗን ሻጩ አልመልስም ብሏል። እኔ ጋ ተቀምጣለች፤ ገዢ ከመጣ እሸጥላቸዋለሁ።

አሁን የምንከራከረው በጭነት ነው። ሞተሩ ራሱ ሁለት መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ሰውዬው የኋላ ፖርቶመጋላው፣ የዕቃ መጫኛው፣ ላይ ሙሉ ኩንታል ድንች ጭነው አቀበት ሲወጡ ፊቱ ብድግ አለባቸው። መሪው በእጃቸው ቀለለ፣ ዘለው ወረዱ። እኔ ግማሽ ኩንታል ይሁን፣ የቀረው በሁለተኛው ዙር ይሂድ ብያለሁ። እሳቸው ሰባ ኪሎ ላይ ናቸው። እትዬ ገና አልፈረዱም።