አባዬ ውሃ አልፈለገም

አባዬን ስትሮክ የመታው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉልን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ፣ ንግግሩ ግን ጭራሽ ጠፋ። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፦ «እንትን»። ውሃም እንትን፣ እማዬም እንትን፣ ሲናደድም እንትን።

አቡነ ዘበሰማያትን ግን ከእማዬ ጋር እስከ መጨረሻው ይደግማል። ይህን የሰሙ ዘመዶች «ሲፈልግ ይናገራል ማለት ነው» አሉ። እንደዚያ አይደለም። ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ጸሎት፣ ቁጥር መቁጠር፣ መዝሙር ሳያስቡት ይወጣል። የሚፈልጉትን ቃል አስቦ ማውጣት ሌላ ነው። ችግሩ አፌዥያ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ ነው። ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ ነው እምቢ የሚለው።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ለሕፃናት የሚሸጠውን የፊደል ገበታ ገዝቼ ፊቱ ማስቀመጥ ነው። ያን ሁሉ ልጅ ፊደል ያስቆጠረ ሰው፣ እየጠቆመ ይጽፍልናል ብዬ። ገበታውን አየ። ጣቱን አነሳ፣ መለሰው፣ አለቀሰ። አፌዥያ ማንበብንና መጻፍንም እንደሚነካ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያ ቀን ዛሬም ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ከኢንተርኔት ሥዕል አወረድኩ። ሃያ አራት ሥዕል አንድ ገጽ ላይ ደርድሬ ላሚኔት አስደረግኩት። ሳንድዊች፣ የፈረንጅ ሽማግሌ፣ ሲቪል ለብሶ የሚስቅ ዶክተር። እዚያ ውስጥ አባዬ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ በላይ ደግሞ በስተቀኝ ያሉትን ሥዕሎች ጨርሶ አይነካቸውም። ስንፍና መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሲበላ ሳየው፣ ከትሪው በስተቀኝ ያለውን ወጥ ሳይነካ እንደጨረሰ ሰው እጁን አነሳ። ለካስ በቀኝ በኩል ያለው አይታየውም! ስትሮክ እንዲህም ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ዋና ዋናውን ሁሉ ወደ ግራ አመጣሁት።

ሦስተኛውን በስልኬ ካሜራ ሠራሁት። የራሱ ስኒ፣ የራሱ ጋቢ፣ ከዘራው፣ የግቢያችን በር። በአንድ ገጽ ስድስት ፎቶ ብቻ፣ ከሥሩ ለአንባቢው በትልቁ የተጻፈ ቃል። ላሚኔሽኑ አምፖል ሥር እያብረቀረቀ ስላስቸገረ የማያብለጨልጨውን ዓይነት ፈልጌ አገኘሁ፣ ጠርዙንም በመቀስ አደነዝኩት፤ ሹሉ ፕላስቲክ እጅ ይጭራል።

ይሄኛውንም ገፋው። እኔ የደረደርኩት ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ ሕመም ነበር። እነዚህን እኮ በእጁ ያሳየናል! ውሃ ሲጠማው ስኒውን ያነሳል። እኔ ያዘጋጀሁት አባዬ ሊለን የሚፈልገውን ሳይሆን እኛ ለማስታመም የሚያስፈልገንን ነው። ቁጭ ብዬ ሰውየውን አሰብኩት፤ ጠዋት ዜና ሰምቶ የሚከራከር፣ የእድሩን ጉዳይ የሚከታተል፣ ማን ታመመ ማን ተዳረ እያለ የሚጠይቅ ሰው።

ስለዚህ የሰዎች ፎቶ ጨመርኩ፤ ልጆቹ፣ እህቶቹ፣ የቡና ጓደኞቹ፣ የሞቱትም ጭምር። ያስተማረባቸውን ከተሞች በእጄ ካርታ ሣልኩ፦ ፍቼ፣ ደብረ ብርሃን፣ አምቦ። «ምን ሆነ?» የሚል ገጽ፣ «አልስማማም» የሚል፣ «ተውኝ» የሚል። ከሁሉም የጠቀመን ግን ምንም ሥዕል የሌለበት ባዶ ካርድ ነው፦ «ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ የለም»። እሱ ከመምጣቱ በፊት አባዬ የፈለገውን ሲያጣ ከቀረበለት አንዱን ነክቶ ይገላገል ነበር፣ እኛም የገባን መስሎን እንሄድ ነበር።

አዎና አይደለምም አስቸግሮን ነበር። ራሱን ለ«አዎ» ይነቀንቃል፣ ፊቱ ግን ይቆጣል። አሁን ሁለት ካርድ አለን፣ አረንጓዴና ቀይ፤ ከባድ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጠን እንደገና እንጠይቃለን። «እንሂድ?» ካልን በኋላ «እንቅር?»።

ፎቶዎቹና ካርዶቹ ያሉበትን ደብተር ሰጥቶ መጠበቅ ብቻም አይሠራም። እኔ ራሴ ስናገር ፎቶዎቹን እየነካሁ መናገር ጀመርኩ፤ «እማዬ» እላለሁ፣ እነካለሁ፣ «ገበያ» እላለሁ፣ እነካለሁ። ከጠየቅኩት በኋላም በሆዴ እስከ አሥር ቆጥሬ ዝም እላለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ዝምታ ነው። በሳምንታት ውስጥ ደብተሩ የቤቱ መነጋገሪያ ሆነ።

እንግዶች ሲመጡ አባዬ ላይ ይጮሃሉ፣ ወይም እሱን ትተው እማዬን «ይሰማል እንዴ?» ይሏታል። የደብተሩ ሽፋን ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እሰማለሁ። ይገባኛል። ቀስ ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁኝ።» በፋሲካ ደግሞ እማዬ ዳቦው ፊት «ለዓመቱ በሰላም...» ብላ አቆመች። አባዬ «ያድርሰን» አለ። የተለመደ ንግግር ሲጀመርለት መጨረሻው እንደሚመጣለት አውቀን ነው የሞከርነው፣ ግን ሁላችንም አለቀስን።

የፊደል ገበታው በኋላ ሌላ ቤት ጠቀመ። አንድ ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በነርቭ በሽታ እጃቸውም ምላሳቸውም ታስሯል። እሳቸው ቋንቋው አልጠፋባቸውም፣ ያነባሉ። የሚታዘዝላቸው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ካዩ አዎ ማለት ነው። ግን 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ በዓይን ማን ይዘልቀዋል? ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀን ቀነስኩ። 27 ቀረ፤ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ዘጠኝ። መጀመሪያ ረድፉን እንጠይቃለን፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ ከዚያ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት እናወርደዋለን፤ ረ ሩ ሪ ራ ሬ። ዓይናቸው ወደ ላይ ያለበት ላይ እናቆማለን።

የመጀመሪያ ቀን ሬ ላይ ቆሙ። ቀጥሎ ዲ። ሚስታቸው «ሬዲዮ!» አሉ። ዓይናቸው ወደ ላይ። «ድምፁን ልጨምረው?» ዝም። «ጣቢያ ልቀይር?» ዝም። «ልዝጋው?» ዓይናቸው ወደ ላይ ሄዶ እዚያው ቀረ። ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ተብሎ ለወራት ከጠዋት እስከ ማታ ሲለፈልፍ የኖረ ሬዲዮ ነው። ሚስታቸው ተነስተው ዘጉት።