ፕለጊኑ ወደ ድሮው ተመልሶ ዳታቤዙ አልመለስ ሲል

ሰላም ጓዶች፣ ከደብረ ብርሃን። ሰሞኑን የመንዝ ዝተት፣ ባና እና በርኖስ የሚሸጥ የአንድ ሱቅ በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ድረ ገጽ በአንድ ፕለጊን (ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጥ ተቀጥላ ፕሮግራም) አፕዴት ተበላሽቶ፣ አንድም ትዕዛዝ ሳይጠፋ ወደ ነበረበት መመለስ ችያለሁ። ድረ ገጾችን ማስተዳደር ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ የኮራሁበት ሥራ የለም። መንገዱ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ስላገኘሁት አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መነሻውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገጹ ጨርሶ አልከፈት ካለ በሆስቲንጉ (ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ሰርቨር) ፋይል ማኔጀር ገብቶ የፕለጊኑን ፎልደር ስም መቀየር ነው፤ ዎርድፕረስ ፋይሉን ሲያጣው ፕለጊኑን ራሱ ያቆመዋል። ከዎርድፕረስ ቨርዥን 5.2 (በፈረንጆቹ 2019) ወዲህ ደግሞ ከባድ የፒኤችፒ (ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ኮድ) ስህተት ሲፈጠር ለአስተዳዳሪው ኢሜይል ልዩ ሊንክ ይላካል። በዚያ ሊንክ ሲገቡ ችግር የፈጠረው ፕለጊን ለእናንተ ብቻ ቆሞ ዳሽቦርዱ ይከፈታል። የደንበኞቻችሁ የአስተዳዳሪ ኢሜይል የማን እንደሆነ ዛሬውኑ እዩት። ድሮ ድረ ገጹን ሠርቶ የሄደ ሰው አድራሻ ላይ የተቀመጠ ብዙ ገጥሞኛል። አፕዴቱ መሀል ላይ ተቋርጦ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚለው ጽሑፍ ከቀረ ደግሞ ከዋናው ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምረውን የሜንተናንስ ፋይል (.maintenance) ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ ሱቁ። ባለቤቷ ጠዋት ደውለው «ልጄ፣ ሰው ከተማውን መምረጥ አልቻልኩም እያለኝ ነው» አሉኝ። የመነሻ ገጹ ይከፈታል፣ ዕቃው ይታያል፣ ቅርጫት ውስጥም ይገባል። የማድረሻ ከተማ የሚመረጥበት ሳጥን ላይ ሲነካ ግን ክቧ ትሽከረከርና ዝርዝሩ ባዶውን ይቀራል። ሸዋሮቢት የለ፣ ደብረ ሲና የለ። ማድረሻውን የሚሠራው ፕለጊን ሌሊት በራሱ አፕዴት ሆኗል።

«ዎርድፕረስ አሁን የተበላሸውን ራሱ ይመልስ የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይመልሳል፤ 6.6 (2024) ላይ የገባው አሠራር በራሱ አፕዴት የሆነና በሥራ ላይ ያለ ፕለጊን ከባድ የፒኤችፒ ስህተት ካመጣ የቀድሞውን ይመልሳል። የሚፈትሸው ግን የመነሻ ገጹን ነው። የእኛ ችግር የጃቫስክሪፕት (በደንበኛው ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው ኮድ) ሲሆን ያለውም የክፍያ ገጹ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለዎርድፕረስ ሁሉ ሰላም ነበር። በራሱ አፕዴት የሚሆን ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ትዕዛዝ መሙያውን እስከ መጨረሻው ሞክሩት።

ፕለጊኑ የተከፈለበት ስለሆነ ነጻው ደብሊውፒ ሮልባክ (ወደ ድሮ ቨርዥን የሚመልስ ፕለጊን) አይሠራለትም። እሱ የሚያገለግለው ከዎርድፕረስ የራሱ ማከማቻ ለሚወርዱት ነው። እኔ ግን የእያንዳንዱን የተከፈለበት ፕለጊን ዚፕ በስምና በቨርዥን ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ከምጠቀምባቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው ይህን ፎልደር ነው። ከ5.5 (2020) ጀምሮ ዚፑን አዲስ ፕለጊን እንደሚጫን አድርጎ ሲያስገቡት ያለውንና የሚገባውን ቨርዥን ጎን ለጎን ያሳያል። የሚገባው የቆየ ከሆነ ያስጠነቅቃል፣ ከፈለጋችሁ ይተካዋል። ተካሁት። የከተማው ዝርዝር ተመለሰ።

ዋናው ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የትዕዛዞቹ ሁሉ የተቀባይ ስልክ ባዶ ሆኖ ቁጭ አለ። የዲበግ ሎጉን (የስህተት መዝገቡን) ሳበራው የድሮው ፕለጊን «የማላውቀው ኮለም» (የሠንጠረዥ ዓምድ) እያለ ይጮሃል። አዲሱ ቨርዥን መጀመሪያ ሲነሳ በዳታቤዙ ውስጥ የራሱን ሠንጠረዥ ኮለም ስም ቀይሮታል። ወደ ኋላ የተመለሰው ፋይሉ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙ የአዲሱ እንደሆነ ቀርቷል።

የሆስቲንጉ ድጋፍ ሰጪ «የትናንቱን ባክአፕ ሙሉውን መልሰው» አለኝ። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። አዲስ አበባ በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተመረጠ ስለሆነ የአዲስ አበባ ደንበኞች ከአፕዴቱ በኋላም አዝዘዋል፣ ገንዘብም ልከዋል። ሙሉውን ባክአፕ መመለስ እነዚያን ትዕዛዞች መሰረዝ ማለት ነው። ለጽሑፍ ብቻ ለሚያገለግል ድረ ገጽ ይሁን፤ ሰው በየሰዓቱ የሚያዝበት ሱቅ ላይ ግን የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

ያደረግኩት እንዲህ ነው። ትዕዛዝ መቀበሉን ለጊዜው አስቆምኩ። በፒኤችፒ ማይአድሚን (ዳታቤዝ መክፈቻ መሣሪያ) የዚያን ፕለጊን ሠንጠረዥና የድረ ገጹን ቅንብሮች የሚይዘውን የኦፕሽንስ ሠንጠረዥ ኤክስፖርት አደረግኩ። ከሌሊቱ ባክአፕ ውስጥ ያንኑ የፕለጊኑን ሠንጠረዥ ብቻ አውጥቼ በሌላ ስም አስገባሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አየሁ። ልዩነቱ የአንዷ ኮለም ስምና የአዲስ አበባዎቹ ትዕዛዞች ረድፎች ብቻ ነበር። ስለዚህ በስትራክቸር ገጹ ላይ የኮለሟን ስም ወደ ድሮው መለስኩት። ስልኮቹ ሁሉ፣ የአዲሶቹ ትዕዛዞች ጭምር፣ ብቅ አሉ።

በዚህ ብቻ ግን አያበቃም። ብዙ ፕለጊኖች የዳታቤዛቸውን ቨርዥን ቁጥር ኦፕሽንስ ውስጥ ይመዘግባሉ። ያን ቁጥር ወደ ድሮው ካልመለሳችሁት የተስተካከለው ቨርዥን ሲመጣ ለውጡን ቀድሞ እንደሠራ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ያኔ ደግሞ አዲሱ ኮለሙን ያጣል። ቁጥሩን መለስኩ፣ የፕለጊኑን ራስ ሰር አፕዴት አጠፋሁ፣ ካሹን (ለፍጥነት የተቀመጠውን የገጹን ቅጂ) አጸዳሁ። ራስ ሰሩን ካልዘጋችሁት ዎርድፕረስ በቀን ሁለቴ ስለሚፈትሽ የተበላሸውን መልሶ ይጭነዋል።

ይህ የሠራው የተቀየረው ስም ብቻ ስለሆነ ነው። ኮለም ከተሰረዘ ወይም ሁለቱ ወደ አንድ ከተጠቃለሉ የባክአፑን ሠንጠረዥ መልሶ፣ አዲሶቹን ረድፎች በትዕዛዝ ቁጥር እያዩ መጨመር ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል። ሁሉንም በቅጂ ድረ ገጽ ላይ ሞክሮ ወደ ዋናው መሄድ የሚሻል ሲሆን፣ የኛ አካባቢ ደንበኞች ርካሽ ሆስቲንግ ስለሚይዙ ቅጂ መክፈቻ ቦታ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስለ ቲም (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ክፍል) አንድ ነገር ብቻ። የቲም ማስተካከያዎች ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጡት በቲሙ ፎልደር ስም ነው። የድሮውን ዚፕ ስትጭኑ ፎልደሩ መጨረሻ ላይ የቨርዥን ቁጥር ከተጨመረበት ዎርድፕረስ ሌላ ቲም ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ሜኑውም ሎጎውም የጠፋ ይመስላል። ፎልደሩ የድሮ ስሙን ሲያገኝ ሁሉም ይመለሳል። ዋናውን ቲም እየከፈቱ ኮድ መቀየርን ግን ተዉት፤ ቻይልድ ቲም (በዋናው ላይ ተደርቦ የእናንተን ለውጥ ለብቻው የሚይዝ) የተሠራው ለዚህ ነው።

ወደ ድሮው ከመመለሳችሁ በፊት የለውጥ ዝርዝሩን ሳታነቡ አትለፉ። አዲሱ ቨርዥን የጸጥታ ቀዳዳ የደፈነ ከሆነ ወደ ኋላ መመለስ በር ከፍቶ መተኛት ነው። ያኔ እኔ ፕለጊኑን አቆመውና ደንበኛው ለጥቂት ቀን ትዕዛዝ በስልክ እንዲቀበል እነግራለሁ። ቅር የሚለው አለ፣ ቢሆንም አቋሜ ይኸው ነው።

አሁን እየተማርኩ ያለሁት ደብሊውፒ ሲኤልአይን (ዎርድፕረስን በጽሑፍ ትእዛዝ ማስተዳደሪያ) ነው፤ የተፈለገውን ቨርዥን በአንድ መስመር ትእዛዝ ይጭናል፣ ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ ማዘዣ) ለሚሰጥ ሆስቲንግ ትልቅ ነገር ነው። የቸገረኝ የተከፈለባቸው ፕለጊኖች ፈቃድ ሲያልቅ ነው። ዚፑ እጄ ላይ ከሌለ የድሮውን ቨርዥን ከየት ላምጣ? በሕጋዊ መንገድ የተወጣችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ።