ለአልፕስ ጉዟችን የባቡር ፓስ እንዴት መረጥኩ

ታላቅ እህቴ ከልጇ ጋር ከዋሽንግተን ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ከሙኒክ ተነስተን ኦስትሪያን፣ ስዊዘርላንድንና ሰሜን ጣሊያንን በባቡር ልንዞር ተስማማን። ትኬቱን የማመቻቸት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ደስ እያለኝ ነው የተቀበልኩት፤ ባቡር እወዳለሁ።

መጀመሪያ የሚጣራው ማን የትኛውን ፓስ፣ ማለትም በአንድ ክፍያ በብዙ አገር ባቡሮች የሚያስጉዝ ትኬት፣ መግዛት እንደሚችል ነው። አውሮፓ የሚኖር ሰው ኢንተርሬይል ይገዛል። ከአውሮፓ ውጭ የሚኖር ዩሬይል ይገዛል። ስለዚህ ለእኔ ኢንተርሬይል፣ ለእነሱ ዩሬይል ሆነ። «አንቺ ልጅ፣ የአንድ እናት ልጆች ሆነን ሁለት ዓይነት ትኬት ምን ማለት ነው?» አለችኝ እህቴ። የሚታየው የመኖሪያ አገር ነው፣ ዜግነት አይደለም። ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሐበሻ ኢንተርሬይል መግዛት ይችላል። ይህን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም። ልዩነቱ፣ ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ የሚጠቀምበት አንዴ ለመውጣት፣ አንዴ ለመመለስ ብቻ ነው። ልጅቷ ገና 12 ስላልሞላት ከእናቷ ጋር በነፃ ትጓዛለች። ነፃ ይሁን እንጂ የልጅ ፓሱ ከእናቷ ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት።

ከዚያ ደብተር አወጣሁ። ፓሱን ከማየቴ በፊት መንገዱን በሙሉ ጻፍኩ፤ ከየት ወደ የት፣ በየትኛው ቀን። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የነጠላ ትኬቱን ዋጋ አሰፈርኩ። ሁሉ ነገር የታየኝ ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ መንገድ በጣም ውድ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ፓስ የሚባክንበት አይደለም። ፓሱ የሚቆጠረው በቀን ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት የፈለጋችሁትን ያህል ባቡር ትሳፈራላችሁ። ስለዚህ ረጅሙንና ውዱን መንገድ በፓስ፣ አጭሩን በነጠላ ትኬት አደረግነው። በ1 ወር ውስጥ 4 ቀን የሚያስጉዘው ፓስ በቃን።

ከሙኒክ ሳልዝቡርግ ፓስ አልነካንም። የእኔ የጀርመን ወርሃዊ ትኬት በክልል ባቡር እስከ ሳልዝቡርግ ያደርሳል። ለእነሱ የባየርን ትኬት (የባቫሪያ ክልል የቀን ትኬት) ገዛን፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው የፓስ ቀን ከሳልዝቡርግ በኢንስብሩክና በአርልበርግ አድርጎ ዙሪክ ያስገባን ነው። ሁለተኛውን ቀን ከዙሪክ ተነስተን ለዙረት አዋልነው፤ ሉሰርን፣ የብሩኒግ ተራራ፣ ኢንተርላከን፣ በርን፣ ከዚያ ተመልሶ ዙሪክ። በስዊስ የትኬት ዋጋ ሲታሰብ ያ ቀን ብቻውን ትልቅ ትርፍ ነው።

ስዊስ ትራቭል ፓስንም አመዛዝኜዋለሁ። ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ የሐይቅ ጀልባውን፣ ከ500 በላይ ሙዚየሞችን ይጨምራል፤ የሪጊ ተራራ ባቡርም በነፃ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ብቻ ለምትቆዩ ከሱ የተሻለ አላየሁም። ከድንበር ማዶ ግን ከጥቂት መስመሮች በቀር አይሠራም፤ ለእኛ መንገድ አልሆነም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከፍተኛዎቹ የተራራ ባቡሮች በየትኛውም ፓስ ሙሉ በሙሉ አይሸፈኑም። 3,454 ሜትር ላይ ወዳለው ዩንግፍራውዮኽ ለመውጣት ስዊስ ትራቭል ፓስም ሆነ የእኛ ፓስ የሚያስገኙት የ25 በመቶ ቅናሽ ነው።

ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከዙሪክ በኩርና በሳንክት ሞሪትዝ አድርገን ቲራኖ፣ ጣሊያን ገባን። ሰው ሁሉ የሚያወራው በዚህ መንገድ ስለሚሄደው የቱሪስት ባቡር፣ ስለ በርኒና ኤክስፕረስ ነው። መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፣ ለሱም ከፓሱ በላይ ትከፍላላችሁ። በዚያው ሐዲድ ላይ ግን ተራው የክልል ባቡር ይሄዳል። ያው ተራራ፣ ያው ድልድይ፣ ያው ቀይ ባቡር ነው፤ ሪዘርቬሽን የለ፣ ጭማሪ ክፍያ የለ። ፓስ ላለው ሰው የምመክረው ተራውን ነው። መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎ አገኘን፣ ልጅቷ ከመስኮቱ አልነቃነቅ አለች። ባቡሩ 2,253 ሜትር ላይ ካለው ኦስፒትሲዮ በርኒና ተነስቶ 429 ሜትር ላይ ወዳለችው ቲራኖ ይወርዳል። ብሩሲዮ ሲደርስ ክብ በሆነው የድንጋይ ድልድይ ላይ ይዞርና በራሱ ሥር ያልፋል። መሐል ፉርጎ ተቀምጣችሁ ፊቱንም ጭራውንም ታያላችሁ። ቲራኖ ሲገባ ደግሞ ከመኪናው ጋር በአንድ ጎዳና ይሄዳል።

የስዊሱና የጣሊያኑ ጣቢያ ጎን ለጎን ናቸው። እዚያው አደርን፣ በማግስቱ ሚላኖ የገባነው በኮሞ ሐይቅ ዳር በሚያልፈው የክልል ባቡር ነው። ርካሽ ስለሆነ ነጠላ ትኬት ቆረጥን፣ የፓስ ቀን አላቃጠልንም። የመጨረሻውን ቀን ከሚላኖ በቬሮናና በብሬነር ወደ ሙኒክ ለመመለስ አዋልነው። ፈጣኖቹ የጣሊያን ባቡሮች ፓስ ቢኖራችሁም የመቀመጫ ያስከፍላሉ፤ እስከ ቬሮና በክልል ባቡር ሄድን። ከቬሮና የሚነሳው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚጨናነቅ ግን መቀመጫ ቀድመን ያዝን።

ፓሱ ስልክ ላይ ነው የሚጫነው። ባቡር ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ጉዞ አፑ ውስጥ አስገቡ፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው የዚያን ቀን ኮድ ነው። ፓስፖርታችሁንም ሊጠይቅ ስለሚችል ከሻንጣው አውጥታችሁ ያዙት።