አስፈሪውን ቤት ስንሠራ ገንዘቡ የሄደው መብራት ላይ ነው

የምሠራው ቲያትር ቤት ውስጥ ነው፤ በመድረክ ግንባታ ክፍል። ጣውላ እቆርጣለሁ፣ ግድግዳ የሚመስል ነገር አቆማለሁ፣ ትርኢቱ ሲያልቅ አፈርሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ታዲያ ከተለመደው ሥራችን ወጣ ያለ ትእዛዝ መጣ። መድረኩ ሥራ በሚፈታበት ወቅት የዕቃ ማከማቻው አዳራሽ አስፈሪ ቤት ይሁን ተባለ። ሰው ትኬት ቆርጦ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ ይደነግጣል፣ እየሳቀ ይወጣል። ገቢው ለወንበሮች ማደሻ ይውላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በጀቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እንዲህ ዓይነት ቤት በትንሽ ገንዘብ መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን አሜሪካ ውስጥ ወላጆች ምድር ቤታቸውን በአሮጌ ጨርቅና በገመድ እየከፋፈሉ ለልጆቻቸው አስፈሪ መተላለፊያ ይሠሩ ነበር። ዋናው ዕቃ ጨለማ ነው። ጨለማ ደግሞ አይገዛም።

የሰው ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ትኬት የሚቆረጥበትን ክፍል በነጭ መብራት አጥለቀለቅነው። ጎብኚው ከዚያ በቀጥታ ወደ ጨለማው ይገባል። ጉብኝቱ አጭር ስለሆነ ዓይኑ ሳይለምድ ይወጣል። ካርቶኑ ካርቶን መሆኑ አይታወቅም። በችኮላ የተቀባ ቀለምም አይታይም።

አዳራሹን በአሮጌ የመድረክ ግድግዳዎች ከፋፈልነው። መንገዱን ቀጥ አላደረግነውም፤ በየጥቂት እርምጃው ይታጠፋል። ትንሽ ቦታ ረጅም መንገድ ይሆናል፣ ቀጥሎ ምን እንዳለም አይታይም። ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሰው ሰንሰለት ይጎትታል። አንዱን መተላለፊያ ደግሞ ሆን ብለን ባዶ ተውነው። ምንም የለበትም። ጎብኚዎች እግራቸውን አንስተው ለመጣል የሚቸገሩት እዚያ ነበር።

እኔ ከሁሉም የምወደው የመስታወቱን ክፍል ነው። ዘዴው የቆየ ነው። መነሻውን ያፈለቀው ሄንሪ ዲርክስ ሲሆን፣ ጆን ሄንሪ ፔፐር እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ አሳየው። ንጹሕ መስታወት በ45 ዲግሪ ይቆማል። ተመልካቹ በመስታወቱ አሻግሮ ባዶ ክፍል ያያል። በጎን በኩል ከተመልካቹ የተሰወረ፣ ውስጡ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሌላ ክፍል አለ። ተዋናዩ የሚቆመው እዚያ ነው። መብራት ቀስ እያለ ሲበራበት ምስሉ መስታወቱ ላይ ያርፍና ባዶው ክፍል መሐል የቆመ ይመስላል። መብራቱ ሲቀንስ ይጠፋል። መስታወቱን ያገኘነው ከተጣለ የማሳያ ሳጥን ነው። ጠርዙን በጣውላ አቀፍነው፣ የሰው እጅ እንዳይደርስበትም ከፊቱ አጥር ሠራን። አንድ የጣት አሻራ እንኳ ምስጢሩን ያወጣዋል፤ ስንወለውለው ያመሸንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የተሳካ ዕለት ግን የሠራሁት እኔ ራሴ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ችግሩ የመጣው በስጦታ መልክ ነው። አንድ ሰው አሮጌ የስፖንጅ ፍራሾች በነፃ ልስጣችሁ አለን። አለቃችን በጣም ደስ አለው። ስፖንጁን ቆራርጠን ግድግዳው ላይ ብንለጥፈውና ግራጫ ብንቀባው ዋሻ ይመስላል። እውነቱን ነው፣ ይመስላል። የመብራት ባለሙያችን ግን እምቢ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታቸው የቀረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ግድግዳ ላይ አይወጣም» አሉት።

«ጋሼ፣ በነፃ እኮ ነው። እዚህ ውስጥ ደግሞ እሳት የሚለኩስ የለም።»

«ጨለማ ውስጥ መንገድ የጠፋው ሰው ኪሱ ያለውን ነው የሚያወጣው።»

ከዚያ ነገሩን። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1984 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ግሬት አድቬንቸር በተባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለ አስፈሪ ቤት ተቃጠለ። 8 ወጣቶች ሞቱ። ቤቱ እርስ በርስ ከተገጣጠሙ ተጎታች ሳጥኖች የተሠራ ነበር። ጣሪያው ላይ ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረውም። እሳቱ የተነሣው በጨለማው ውስጥ የተለኮሰ ላይተር የግድግዳውን ስፖንጅ ነክቶ እንደሆነ ነው የተነገረው። ከዚያ አደጋ በኋላ በአገሪቱ ለእንዲህ ዓይነት ቤቶች የሚሠራው የእሳት ደንብ ጠበቀ።

አለቃችን አሁንም ሐሳቡን አልለወጠም ነበር። ጋሼ አልተከራከሩም። ግቢ ውስጥ አወጡን፣ አንድ ባልዲ ውኃ አስቀረቡ፣ ከስፖንጁ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጠው በፒንሳ ያዙ። ክብሪት አስጠጉባት። ወዲያው ተቀጣጠለች። ጭሷ ጥቁር ነበር። እየቀለጠ የሚንጠባጠበው መሬት ላይ ወድቆም ይነድ ነበር። ቀጥለው ግድግዳውን ልናለብስበት ያሰብነውን ጥቁር ላስቲክ ሞከሩ። እሱም ቀልጦ ነደደ። በመጨረሻ እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ ከተዘጋጀው አሮጌ የመድረክ መጋረጃ ጫፉን ቆረጡ። ጨርቁ ጠቆረ። ክብሪቱ ሲነሣለት ግን እሳቱ በራሱ ጠፋ።

አለቃችን ፍራሾቹን አመስግኖ መለሰ። ግድግዳው መጋረጃ ለበሰ።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። የተረፈችው ገንዘብ ወዴት ትሂድ የሚለው ጥያቄ ነበር። አለቃችን እጁን የሚያንቀሳቅስ ትልቅ አስፈሪ አሻንጉሊት ሊያሠራ ነበር፤ ፎቶው በር ላይ ተለጥፎ ሰው ይጠራል ብሎ። ክርክሩ ተራ አልነበረም፤ ትኬት ካልተሸጠ ወንበሮቹ አይታደሱም። ጋሼ የፈለጉት ሌላ ነው። በየመታጠፊያው ባውዛ። ሁሉንም ባውዛ በአንድ ጊዜ የሚያበራ፣ የስፒከሮቹን ኤሌክትሪክ ደግሞ በዚያው ቅጽበት የሚቆርጥ አንድ ማብሪያ። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚበሩ የመውጫ ምልክቶች። ከመሐል መንገድ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ የጎን በር። ሁለቱንም ለማድረግ ገንዘቡ አይበቃም። የስፖንጁን ነገር በዓይኑ ያየው አለቃችን ብዙ ካሰበ በኋላ ለጋሼ ፈረመላቸው።

ከመክፈቻው በፊት ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ሙከራ አደረግን። ሦስተኛው ቡድን ድረስ ሁሉ ነገር አማረ። የመጨረሻው መተላለፊያ ላይ ጭምብል ያጠለቀው ተዋናይ ከፊት ለፊታቸው ዘሎ ወጣ። ሰዎቹ ወደፊት ይሮጣሉ ብለን ነበር። ዞረው ወደ ኋላ ሮጡ። ከኋላ ሌላ ቡድን እየመጣ ነበር። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ተላተሙ፣ ተጨናነቁ። አንዲት ወጣት ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። ተዋናዩ ደነገጠና ሊያነሣት ጎንበስ አለ። ጭምብሉን ግን አላወለቀም። ልጅቷ የባሰ ጮኸች።

በግድግዳው ቀዳዳ ይመለከቱ የነበሩት ጋሼ ማብሪያውን ተጫኑት። ባውዛዎቹ በሙሉ በሩ። የሰንሰለቱ ድምፅ፣ ጩኸቱ፣ ነፋሱ፣ ሁሉም ቀጥ አለ። ሰዎቹ ያሉበትን አዩ፤ የተቀባ ካርቶን፣ አሮጌ መጋረጃ፣ አረንጓዴ የመውጫ ምልክት። መጋፋቱ ያኔውኑ ቆመ። አንዲት የልብስ ክፍል ባልደረባችን ገብታ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። «አይዞሽ እህቴ፣ አለቀ፣ በሩ ይኸውልሽ» አለቻት። በጎን በር አብረው ወጡ። ማንም አልተጎዳም።

ያ መታጠፊያ በጨለማና በጩኸት ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አሁንም ይከብደኛል። አስፈሪው አሻንጉሊት ተገዝቶ ቢሆን ያን ምሽት የሚረዳን ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ብዙ ነገር ቀየርን። ማስደንገጫዎቹን ከፊት አነሣናቸው። አሁን ከጎን ወይም ከኋላ ነው የሚመጡት፤ የደነገጠ ሰው ከሚያስደነግጠው ነገር ስለሚሸሽ ወደ መውጫው ይገፋፋል። ተዋናይ መንገድ አይዘጋም፣ ጎብኚ አይነካም። የቆመ ወይም የተቀመጠ ሰው ካየ ጭምብሉን አውልቆ የእጅ ባትሪውን ወደ ራሱ ፊት ያበራል። አንዱ ቡድን ሳይወጣ ሌላው አይገባም፤ ይህ ወረፋውን አስረዝሞታል፣ ግን ይረዝማል እንጂ ምን ይደረግ።

ብልጭ ድርግም የሚለውንም መብራት አወጣነው። በሴኮንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ሊጥል ይችላል። ወለሉ ላይ ጭጋግ እንዲኖር ደረቅ በረዶ ይምጣ ያለም ነበር። ደረቅ በረዶ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሲተን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚተነፈሰውን አየር ያፈናቅላል። ቀረ። ጭጋጉ ባይኖርም ማንም አላማረረም።

ቤቱ ሲከፈት ሰው መጣ፣ በሩ ላይም የተለጠፈ የአሻንጉሊት ፎቶ አልነበረም። አለቃችን ራሱ ከማብሪያው ሥራ አንድ ፈረቃ ወሰደ። ጋሼ ለቦታው ያወጡት ሕግ አጭር ነበር። እዚያ የሚቆም ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ ትኬት አይቆርጥም፣ ድምፅ አይቆጣጠርም፣ ስልኩንም አይከፍትም። ጨለማ ውስጥ አፍጥጦ መዋል ስለሚያደክም በየሰዓቱ ይቀየራል። ተረኛው ካልመጣ ደግሞ ያለው ሰው ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ በሩም አይከፈትም።