ከ«ግን» በኋላ ያለው

በአንድ የመንግሥት ቢሮ በኮሙኒኬሽን ባለሙያነት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ዜና እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። በዓል ሲመጣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አዘጋጃለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አጭር ልቦለድ እጽፋለሁ። ክራርም እማራለሁ። ቀኑ የቢሮው፣ ማታው የኔ ነው ብዬ ለይቼው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ነገር ግን ሁሉንም አንድ ላይ አመጣብኝ።

ያ ዓመት ለፒያሳ ልጆች ከባድ ነበር። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን ያዘው። «ሰባት ሃያ አራት»፣ ማለትም ሳምንቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት መሥራት፣ የሚለው አነጋገር የሁላችን አፍ ላይ ነበር። ማታ ያየኸው ቤት ጠዋት የለም። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከፈረሱት ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ደርግ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በትንሽ ኪራይ ሲኖርባቸው የቆዩ ናቸው። ጣሪያቸው ያረጀ፣ ግድግዳቸው የተነካካ፣ ውሃውም ሽንት ቤቱም የጋራ። ያንን ኑሮ የሚናፍቅ ሰው ያልኖረበት ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለው እንዳይዛባ ብዬ ነው።

የክራር አስተማሪዬ የሚኖሩት ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም። በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት ውስጥ ተጫውተዋል፣ በኋላም ሠርግ ለሠርግ ዞረዋል። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔንና ሦስት የሰፈር ልጆችን ደጃቸው ላይ በዱካ አስቀምጠው ያስተምሩናል። ትምህርታቸው ሁሌም የሚጀምረው ከመቃኘት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ቅኝቱ በጆሯችን ሳይገባ ጣታችንን ክር ላይ አያስነኩንም። አንድ ቀን ትዝታን ሜጀር አድርገው መቱልን። ከዚያ ሁለት ክር ብቻ ትንሽ ትንሽ አላሉና ያንኑ ደገሙት። ማይነር ሆነ። ሦስቱ ክር አልተነካም፣ ጣታቸውም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ከልጆቹ አንዷ «ጋሼ፣ አሁን ለምን አዘኑ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሰፈሩ ሲነሳ እሳቸው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ከሁለት ወር በኋላ ቢሯችን ዜና እንድንሠራ ወደዚያው ላከን። በሚኒባስ ሄድን፣ ከአመራሮች ጋር። ከብሎኩ ሥር ከቆሙት ነዋሪዎች መሃል ጋሼን አየኋቸው። ተቃቀፍን። «እርስዎን ልቅዳ?» አልኳቸው። «ቅዳኝ» አሉ። ያሉትን ቃል በቃል ላስቀምጠው፤ ቅጂው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

«ቤቱ ጥሩ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ጃኬት አልደርብም። ተመስገን ነው። ግን እድራችን ተበትኗል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሌላ ጋ ነው። ድንኳኑና ድስቱ ማስቀመጫ አጥቶ ሰው ቤት ተከምሯል። ብሞት ጥሩንባ የሚነፋልኝ የለም።»

ቢሮ ስንመለስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ዜናው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነበረበት። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ነዋሪው በተሰጣቸው ቤት ደስተኛ መሆናቸውን ገልጸው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታቸው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ተጠቃሚ መሆናቸውን ተናግረዋል።» ፎቷቸውንም አያያዝኩ። እየሳቁ ነው።

ቁረጥ ያለኝ ሰው የለም። ኃላፊዬ ጽሑፉን እንኳ አላየውም ነበር። እጄ ነው የለመደው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ደስተኛ መሆናቸውን ገለጹ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። ሰው ተናግሮ «ግን» ሲል ጆሮዬ ይዘጋል። ማታ ቤቴ ገብቼ ልቦለድ ስጽፍ ደግሞ የምፈልገው ያንኑ «ግን» ነው። ገጸ ባሕርዬ «ግን» እስኪል ሰዓታት እጠብቀዋለሁ። ቀን በነጻ የሰጡኝን ጥዬ ማታ ስፈልገው አመሻለሁ።

ሁለት ሳምንት አልፎ የጋሼ ባለቤት ደወሉ። እትዬ ሁሌም ሲደውሉ ጤና ጠይቀው፣ እናቴን ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ያን ቀን ግን «ምን አደረግንህ?» ብለው ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ የደረሳቸው የእድሩ አባላት ተሰብስበው አቤቱታ ጽፈው ነበር። የጠየቁት ትልቅ ነገር አይደለም። ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለድስቱ ማስቀመጫ የሚሆን አንድ ክፍል ነው። ሦስት ሽማግሌ መርጠው ላኩ። አንዱ ጋሼ ናቸው። የተቀበላቸው ሰው ስልኩን አውጥቶ የኔን ዜና አሳያቸው። «ይኸው፣ ራስዎ ደስተኛ ነኝ ብለዋል» አላቸው። ከፎቷቸው ጋር። አብረዋቸው የሄዱት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲመለሱ አላናገሯቸውም። አርባ ዓመት አብረው ለቅሶ የቆሙ ሰዎች ሰላምታ ነሷቸው። እሳቸው ለብቻቸው የሆነ ነገር ተቀብለዋል ተባለ።

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው። ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፣ ክራሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይቅርታ ጠየቅኩ። ረጅም ነበር ይቅርታዬ። ስለ ሰዓቱ መጣበብ፣ ስለ አጻጻፋችን፣ ስለ ዜናው ቦታ ማነስ አወራሁ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ቃሉ የኔ ነው። ሁለቱን ክር ግን አላልተኸዋል» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እትዬ ያቀረቡልኝን ቡና ለመጠጣት ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።

እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ከብሎኩ ሥር፣ ወንበሩን ከያለበት አውርደውት። የእድሩን ዳኛ አስፈቅጄ ቆምኩ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው። «ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ያሉትን ግማሹን ቆርጬዋለሁ። ያሉት ይኸው» አልኩና ስልኬን ማይክራፎኑ ላይ አስጠግቼ ቅጂውን አሰማሁ። «ብሞት ጥሩንባ የሚነፋልኝ የለም» የሚለው ላይ ሲደርስ ጥሩንባ ነፊው ራሱ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፋ። ዳኛው ደግመህ አሰማን አሉ። ደገምኩት። ከዚያ አንዲት እናት ተነስተው፣ «እኛን ማሰማትህ ጥሩ ነው፣ ልጄ። የላኩህም ይሰሙታል ወይ?» አሉኝ።

ይሰሙታል ብዬ ቃል ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። ዜናው ይስተካከል አልኩ። «ያለፈ ዜና አይነካም» አለኝ። ቅጂውን አሰማሁት። እሱም የቀበሌ ቤት ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሞቱ ቤተሰቡን ደግፎ ያቆመው እድር እንደሆነ ያጫወተኝ ጊዜ አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ዜናውን ተወው። ለሳምንቱ ሪፖርት አባሪ አድርገህ ጻፈው፣ እኔ እፈርምበታለሁ» አለ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የጋሼን ንግግር ሙሉውን አስገባሁ፣ ስለ ቧንቧው ያሉትንም ጭምር። በግልባጭ ወደሚመለከተው ክፍል ተላከ። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ኮሙናሉ፣ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት፣ ውስጥ አንድ ክፍል ተፈቀደላቸው። የተበተኑትን ጎረቤቶች የሚሰበስብ ግን አልተገኘም። እሱ ጥያቄ አሁንም እንዳለ ነው።

ስለ ከተማ ፖለቲካ ብዙ ሰው ሲያወራ የሚያወራው ስለ ላይኛው ወንበር ነው። እኔ ከታች ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው። ከላይ ያለው ሰው ቦሌ አራብሳ ሄዶ እያንዳንዱን በር አያንኳኳም። የሚያነበው እኛ የጻፍነውን ነው። እኛ «ደስተኛ መሆናቸውን ገለጹ» ካልን ከተማዋ ደስተኛ ናት ብሎ ያድራል። ክፍሉ ተከለከለ እንኳ ሊባል አይችልም፤ ከላይ መጠየቁን ያወቀ አልነበረም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። እንደኔ ዓይነት ጸሐፊ በየቢሮው አለ። ብዙዎቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ግጥም የሚጽፉም አሉባቸው።

ከዚያ ወዲህ የቀዳሁትን ሰው ከመለየቴ በፊት የጻፍኩትን አነብለታለሁ። ሰዓት ይፈጃል። ሹፌሩ ይቆጣል። አንዳንዱ ሰው «እሱስ ይቅርብኝ» ብሎ ራሱ ያስወጣዋል፤ መብቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «የረሳኸው አለ» ይላል።

ክረምቱ ሲገባ ስለዚህ ነገር አጭር ልቦለድ ጻፍኩ። አንድ ሽማግሌ ክራር መቺ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ዝናብ አለ፣ መስኮቱ ጭጋግ ለብሷል። ጎረቤት አያውቃቸውም። ክራሩ ክሩ ተበጥሶ የሚቀጥለው የለም። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ለማንም ሳላሳይ ለጋሼ ላነብላቸው ሄድኩ። ሰላምታችን ተመልሷል፣ እሁድ እሁድም መማር ጀምሬያለሁ። ልጆቹ ግን ርቀቱ ስለከበዳቸው ሁለቱ ቀርተዋል።

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ጨርሼ ቀና ስል፣ «ቧንቧው የታለ?» አሉ።

አልገባኝም። «የቱ ቧንቧ?» አልኩ።

«ፊቴን የታጠብኩበት ነዋ።»

ታሪኩ የኀዘን ስለሆነ አልገባም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ቧንቧው ከገባ የአንባቢው ልብ እንደሚከፈል ነገርኳቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ጠዋት እዚያ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደዘጋሁት እሷን ጠይቃት» አሉ ወደ እትዬ እየጠቆሙ። እትዬ ከማድ ቤት ሆነው፣ «ልጅ ሆኖ ነበር! ውሃ ጨረስክ ብዬ ጮኽኩበት» አሉ።

እስክሪብቶ አወጣሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ጠርዝ ላይ ቧንቧውን ጻፍኩት። ጋሼ ክራራቸውን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ «በል አሁን ከላይ ጀምረህ አንብበው» አሉኝ።