ቀይ ቀኖች

እሑድ ማታ።

አርብ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ወረቀት ዞረ። ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ስለሆነ ሁሉም ሠራተኛ ጠዋት ግቢ ውስጥ ይሰለፋል ይላል። ከሥሩ ሠንጠረዥ አለ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ። ዳር ላይ ደግሞ «ምርመራ» የምትል ጠባብ ዓምድ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ወረቀቱን ገለባበጠና «ሀገሬን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምወደው?» አለ። ሳቅን። ከዚያ እሱም ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ።

ሳቃችን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሰንደቅ ዓላማ የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ባልደረባዬ እንዲያውም ሩጫ ሲታይ ባንዲራ ከመኪናው መስኮት የሚያወጣ ሰው ነው። ያሳቀን ሠንጠረዡ ነው። ፍቅር በተራ ቁጥር ሲጠየቅ ሰው ምን ይበል? ወይ ይስቃል፣ ወይ ይፈርማል። እኛ ሁለቱንም አደረግን።

ዛሬ ከሰዓት ቤት ሳጸዳዳ የአባቴን አሮጌ ካላንደሮች አወጣኋቸው። አባቴ ካላንደር አይጥልም ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጣል። ለምን እንደሚያስቀምጥ ጠይቄው አላውቅም። ወለሉ ላይ ዘርግቼ ቀይ ቀኖቹን ብቻ ማየት ጀመርኩ።

ገና፣ ጥምቀት፣ መስቀል አይነቃነቁም። መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እነሱ ቦታቸው ላይ ናቸው። የሚሰደዱት ሌሎቹ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ሐምሌ 16 የልደታቸው ቀን ነው፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓላቸው። ደርግ ሲመጣ ሁለቱም ጠቆሩ። በቦታቸው መስከረም 2 ቀላ፣ ንጉሡ በ1967 ከዙፋን የወረዱበት ቀን። ከዚያ በ1983 መስከረም 2 ራሱ ጠቆረና ግንቦት 20 ቀላ። ዛሬ ደግሞ ግንቦት 20ም ከሕጉ ዝርዝር ወጥቶ ተራ የሥራ ቀን ሆኗል። እያንዳንዱ መንግሥት የገባበትን ቀን የሀገር ልደት ያደርጋል፣ ተከታዩ መጥቶ ልደቱን ይሰርዛል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? የወደቀ በዓል ግን ምሳር እንኳ አያስፈልገውም። ቀለም መቀየር ይበቃል።

ከሁሉ ያስቆመኝ የድል በዓል ነው። አንዱ ካላንደር ላይ ሚያዝያ 27 ቀይ ነው። ሌላው ላይ ሚያዝያ 27 ጥቁር ሆኖ መጋቢት 28 ቀልቷል። መጀመሪያ የማተሚያ ስህተት መሰለኝ። ስህተት አይደለም። ያው አንድ ጦርነት፣ ያው አንድ ድል ነው። በ1933 አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው። ንጉሡ ከተማዋ የገቡት ደግሞ ወር ያህል ቆይተው ሚያዝያ 27። ቀኑም እንዲሁ አልመጣም። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ በ1928 አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነበር። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ንጉሡ በዚያው ቀን ገቡ። የጣሊያንን ቀን በራሳቸው ቀን ሸፈኑት። ብልህ ናቸው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ደርግ ሲመጣ በሚያዝያ 27 ውስጥ የሚታየው ድሉ ሳይሆን ንጉሡ ሆኑበት። ስለዚህ ንጉሡ የሌሉበትን ቀን ፈልጎ መጋቢት 28ን መረጠ። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ መሀል ያልተጠየቀው አርበኛው ነው። አምስት ዓመት ጫካ ያደረ ሰው ሜዳልያውን አንድ ጊዜ በሚያዝያ፣ አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ እንደገና በሚያዝያ ያደርጋል። ለእሱ ድሉ ያው ነው። የቀኑ ጉዳይ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው።

እኔ የተወለድኩት በ1967 ነው። አብዮቱና እኔ እኩያ ነን። አሥረኛው ዓመት በመስከረም 1977 ሲከበር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ለሳምንታት ሰልፍ ተለማመድን። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። የወረቀት አበባ ይዘን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን፣ ግራ እጃችንን ጨብጠን እያነሳን «ወደፊት!» እና «ይውደም!» እንላለን። ማን እንደሚወድም አላውቅም ነበር። መስቀል አደባባይ ያኔ አብዮት አደባባይ ነው። ሌኒን በሐውልት ቆሟል፣ ትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያዎች እጅ ተሠርቶ ለዚያው በዓል ደርሷል፣ በዚያው ሰሞን የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ተመሠረተ። ከተማው ሁሉ ቀይ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተገድደን ነበር ብለው ያልፉታል። ተገድደናል፣ ልክ ነው። ግን ልጅ ነበርኩ፣ ከትምህርት ተገላግያለሁ፣ ሺህ ሰው በአንድ እግር ሲራመድ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ሶል ይሰማኛል። ያ ስሜት ውሸት አልነበረም። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል መሰለኝ። ሰው ለብቻው የማያምነውን ነገር በሰልፍ መሀል ሲሆን ለአንድ ሰዓት ያምናል። ያቺ አንዷ ሰዓት ለፎቶ ትበቃለች።

እናቴ ግን አልተደሰተችም። ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ተብሏል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ራሽን ለመውሰድ ሲሄድ ይጠየቃል። ጠዋት በጨለማ ወጥታ ማታ እግሯ አብጦ ተመለሰች። «ምን አየሽ?» ብላት «የፊት ለፊቷን ሴትዮ ነጠላ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ያየችው እሱን ብቻ ነው። ስለሌላው ሆድ ይፍጀው አለች።

በዚያ መስከረም ወሎና ትግራይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ ወሬው ታፍኗል። ወር ከምናምን ቆይቶ የኮረም ምስል በውጭ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። እኛ የወረቀት አበባችንን ገና አልጣልንም ነበር። ቤታችን ግድግዳ ላይ እስኪደበዝዝ ተሰቅሎ ቆየ። ይህን ሳስብ ነው ከዚያ ሰልፍ ላይ ደስታዬን ለመቀነስ የምሞክረው። አይቀነስም። ሁለቱም አብረው አሉ።

የሰፈራችንን መፈክር የሚያስጮኸው አንድ ሰውዬ ነበር። ድምፁ ነጎድጓድ ነው። ድምፅ ማጉያው ከእጁ አይለይም። ደርግ ወደቀ፣ ሌኒንም ወረደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የግንቦት 20 ሰልፍ ላይ ዞር ስል ያው ሰውዬ፣ ያው ጉሮሮ፣ ምናልባትም ያው ድምፅ ማጉያ። የተቀየረው «ይውደም» የሚባለው ብቻ ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩና ናቅኩት። ዛሬ አልንቀውም። ስድስት ልጅ ነበረው። ደግሞስ አርብ ዕለት የፈረምኩት እኔ አይደለሁም?

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስለኝ ብዬ ማታ ትንሽ አነበብኩ። አይደለም። አሜሪካኖች «የታማኝነት ቀን» የሚባል በዓል አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በሕግ የጸና። ቀኑ መቼ ነው? ሜይ 1። ዓለም የሠራተኞች ቀን ብሎ የሚያከብረው፣ መነሻው እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 ለስምንት ሰዓት ሥራ የተደረገው አድማ የሆነው። በራሳቸው ሠራተኞች የተወለደ በዓል ሞስኮ ላይ ታንክ ማሳያ ሲሆን ጊዜ እነሱ በዚያው ቀን ላይ ታማኝነትን ጫኑበት። ሩሲያዎችም ተራቸው ደርሶ ኖቬምበር 7ን፣ የአብዮቱን ቀን፣ መጀመሪያ ስሙን «የስምምነትና የዕርቅ ቀን» አሉት፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቬምበር 4 ላይ ሌላ በዓል አመጡና የድሮው ተረሳ። ንጉሡ ባዶሊዮ ላይ የሠሩት ዘዴ ማለት ነው። የጠላህን ቀን ከማጥፋት ይልቅ ላዩ ላይ ትቀመጥበታለህ።

ያነበብኩት ውስጥ ልቤን የነካው የልጆቹ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ለባንዲራ ቃል ይገቡ ነበር፣ ያኔ ቀኝ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ። የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብለው እምቢ አሉ። ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1940 ስምንት ለአንድ ሆኖ ማባረሩ ልክ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የይሖዋ ምሥክሮች በየከተማው ተደበደቡ። የእጅ አዘረጋጉ ደግሞ የሂትለርን ስለመሰለ በ1942 ተቀይሮ እጅ ደረት ላይ ሆነ። በ1943 ያው ፍርድ ቤት ሐሳቡን ቀየረ። ስድስት ለሦስት ሆኖ፣ መንግሥት ማንንም ሰው ያላመነበትን ቃል በአፉ እንዲል ማስገደድ አይችልም አለ። ውሳኔው የወጣው ጁን 14 ነው፣ የአሜሪካ የባንዲራ ቀን። ያውም ጦርነት ላይ ሳሉ፣ «አሁን ጊዜው አይደለም» ለማለት የሚመች ጊዜ ላይ።

ያንን ሳነብ የትምህርት ቤታችን ሰልፍ ትዝ አለኝ። ከመሀላችን አንድ ልጅ ግራ እጄን አላነሳም ቢል ምን ይሆን ነበር? እኔ ራሴ ሄጄ ለመምህሩ እናገርበት ነበር። እርግጠኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ጎበዝ ሰልፈኛም ነበርኩ።

ያለ ስም ጥሪ የሚወጣበት በዓል ግን አለን፣ ዓድዋ። የካቲት 23 ማንም ፊርማ አያዞርም። ልጁ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ሽማግሌው ጋሻ ይዞ ምኒልክ አደባባይ ይወጣል። በየዘመኑ መንግሥታት ወደየራሳቸው ሊስቡት ሞክረዋል፣ አንዱ ምኒልክን ያጎላል፣ ሌላው ስማቸውን ያደበዝዛል። የ1888ቱ ጦርነት ግን ለሁሉም ሰፊ ሆኖባቸዋል። የሚገርመኝ ሰው ሳይጠራ በወጣበት በዚህ በዓል ላይ ነው ጠቡ የሚበዛው። የት ይከበር? የማን ፎቶ ይያዝ? ኮከብ ያለው ባንዲራ ነው ወይስ ልሙጡ? በ2015 አደባባዩ አካባቢ ለማክበር የወጣው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበትኗል፣ ሰውም ሞቷል። በስም ጥሪ በመጣ ሰው ላይ ግን ጭስ ሲተኮስ አይቼ አላውቅም። እሱ ተቆጥሯል፣ ፈርሟል፣ መቼ እንደሚመጣና መቼ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ይታወቃል። በራሱ ፍቅር የወጣ ሰው ግን ምን ይዞ እንደመጣ ማን ያውቃል? ያስፈራል መሰለኝ።

ካላንደሮቹን መልሼ ጠቀለልኳቸው። አንዱ ላይ፣ የ1984ቱ ላይ፣ አባቴ በእስክሪብቶ መስከረም 2ን ከቦ «ሥራ አለ» ብሎ ጽፏል። ለራሱ ማስታወሻ ነው። ለአሥራ ምናምን ዓመት ያረፈበት ቀን ስለሆነ እንዳይሳሳት ነው። ረስቶ ቤቱ ቢውል በአዲሱ መንግሥት ላይ ያመፀ ይመስልበት ነበር እኮ!

ነገ ሰኞ ነው። ሸሚዜን ተኩሻለሁ። እሄዳለሁ፣ ከኋላ እቆማለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር መዝሙሩ ነው። የልጅነቴን፣ የደርጉን፣ ዛሬም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እችለዋለሁ፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልስትም። የዛሬውን ግን እስከ መሀሉ ነው የማውቀው። መሀሉ ላይ ስደርስ እንደተለመደው ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ከፊቴ የሚቆመው ያ ባልደረባዬ ነው። እሱ እየዘመረ ይሁን እንደኔ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከጀርባው አይታወቅም።