ፊደሉ አምሮ ቁጥሩ ሲበላሽ፦ ሲኤስቪ በኤክሴል

በየወሩ እኔ ጋ የሚመጣ የአባላት ዝርዝር አለ። ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የተመዘገቡበት ቀን። ከሲስተሙ በሲኤስቪ ነው የሚወጣው፤ ማለትም በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ኖትፓድ ላይ ብትከፍቱት ሁሉም እንዳለ ይነበባል። ጣጣው የሚጀምረው ዳብል ክሊክ አድርጋችሁ በኤክሴል ስትከፍቱት ነው።

ሰው ሁሉ የሚደነግጠው ፊደሉ ሲበላሽ ነው። በስሙ ቦታ ኮፍያ የደፉ የላቲን ፊደሎች ይርመሰመሳሉ። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው፣ ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጥበት ደንብ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዚህ ደንብ 3 ባይት ይይዛል፣ ኤክሴል ደግሞ ካልተነገረው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ፊደል ያነበዋል። ይኼኛው እንኳ አያስፈራም። ያስታውቃላ! ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት፣ ፋይሉ አልተነካም።

የሚያስፈራው አማርኛው ጥርት ብሎ የሚከፈተው ነው። ፋይሉ መነሻው ላይ የዩቲኤፍ-8 ምልክት ካለው ስሙ ያምራል፣ ሰውም ተስተካከለ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። እስኪ ስልኩን እዩት፤ 0911 የነበረው 911 ሆኗል። ይሄ ይመለሳል፣ ይሁን። የንግድ ባንክ ሒሳብ ግን 13 አሃዝ ስለሆነ ሴሉ ላይ በነጥብና በእንግሊዝኛዋ ኢ አጥሮ ይታያል፤ ውስጡ ገና ሙሉ ነው፣ በዚያው መልክ መልሳችሁ በሲኤስቪ ሴቭ ካደረጋችሁት ግን የሚጻፈው አጭሩ ነው፣ የቀረው አሃዝ ጠፋ ማለት ነው። የፋይዳው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ሴቭ እስኪደረግም አይጠብቅም። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ 16ኛው 0 ይሆናል። አንዴ የተላከልኝ ዝርዝር ላይ የሁሉም ሰው ቁጥር በ0 ያልቅ ነበር። ያንን ማዳን አይቻልም፣ ዋናውን ፋይል እንደገና ማስላክ ብቻ ነው።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። የእኛ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን። ወር በሚያስቀድም የአሜሪካ ሴቲንግ ላይ 12/06/2016፣ የካቲት 12 መሆኑ ነው፣ ዲሴምበር 6 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ተብሎ የተጻፈው 05/13/2015 ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። 30/06/2016 ግን 30 የሚባል ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ኮለሙን ስታዩት ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተለጥፏል። ይህን ካያችሁ ወደ ታች ማንበብ አያስፈልግም፣ ዝጉት።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ባዶ ኤክሴል እከፍትና ዳታ፣ ጌት ዳታ፣ ፍሮም ፋይል፣ ከዚያ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ እላለሁ። ፋይል ኦሪጅን ላይ 65001 (ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው)፣ ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን ላይ ደግሞ "ዱ ኖት ዲቴክት" የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሁሉም ኮለም ጽሑፍ ሆኖ ይገባል። ትራንስፎርም ዳታ ውስጥ ገብቼ የመጀመሪያውን ተራ ርዕስ አደርገዋለሁ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ ያንን ስትጫኑ ቀኝ በኩል ካሉት ደረጃዎች ሥር "ቼንጅድ ታይፕ" የምትባል ሳትጠራ ልትገባ ትችላለች፣ እሷ ደግሞ ስልኩንም ቀኑንም መልሳ ታበላሸዋለች። ኤክሷን ተጭናችሁ አጥፏት።

ሊብሬኦፊስ በዚህ ይሻላል፣ ፋይሉን ስትከፍቱ ራሱ ይጠይቃችኋል። ጉግል ሺትስ ላይም ስታስገቡ ጽሑፍን ወደ ቁጥርና ቀን ቀይር የምትለዋን ምልክት ማንሳት ነው።

በነገራችን ላይ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። ኤክሴል የጂን (የዘረመል) ስሞችን ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶቹ የጂኖቹን ስም ቀየሩ፤ ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ ማጥፊያ አማራጭ የጨመረው በ2023 ነው። የዜሮዋንና የረጅሙን ቁጥር ጉዳይ ያቃልላል፣ የ12/06ን ዓይነት ቀን ግን አይነካም።

ስታስቀምጡ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ እሱም አይመለስም። እኔ ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው የኤክሴሉን ፋይል ነው የምልከው፤ ሲኤስቪው ወደ ሲስተም ለሚያስገባው ብቻ ይሄዳል፣ እሱም ኖትፓድ ላይ ተከፍቶ ስልኩ በ0 መጀመሩ ከታየ በኋላ።